አረንጓዴው መብራት አማርኛ አያነብም

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ዌብሳይት ነው። ዌብሳይት የሌላችሁም ጣቢያ እንዳትቀይሩ። የእህታችሁ ልጅ ወይም የሰፈራችሁ የኮምፒውተር ባለሙያ «ዌብሳይት ልሥራላችሁ፣ በጉግል አንደኛ አወጣችኋለሁ» ብሎ የመጣ ቀን ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁት ከዚህ ታገኛላችሁ።

ለመነጋገር እንዲመቸን ቦታውን ቡሹሎ እናድርገው። ሐዋሳን የምታውቁ ቡሹሎን ታውቃላችሁ፤ ባታውቁም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በምታስተዳድረው ጤና ጣቢያ የተነሣ ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል። እዚያ አንዲት ወይዘሮ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ከፈቱ እንበል። ወይዘሮዋ በእውን የሉም፤ ለምሳሌ ያህል ነው የፈጠርኳቸው። ችግራቸው ግን በየከተማው አለ። ለዌብሳይት ከፈሉ። ሠሪው ዮስት የሚባለውን ፕለጊን ጫነላቸውና የእያንዳንዱን ገጽ መብራት እያሳየ «ይኸው እትዬ፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው» አላቸው። ክረምቱ አለፈ፣ መስከረም ጠባ። ዌብሳይቱን አይቶ የደወለ አንድ ሰው የለም። ራሳቸው በስልካቸው «ቡሹሎ የእንግዳ ማረፊያ» ብለው ሲፈልጉ የሌላው ሆቴል ስም ይደረደራል እንጂ የእሳቸው ብቅ አይልም።

ታዲያ ያ አረንጓዴ መብራት ምን እያለ ነበር?

ዎርድፕረስ በ2003 የተጀመረ የዌብሳይት መሥሪያ ነው። ዛሬ በዓለም ካሉት ዌብሳይቶች ከ100 ከ40 የሚበልጡት በእሱ የተሠሩ ናቸው። የምጠራቸው ዓመታት የአውሮፓውያን ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓመተ ምሕረት እላለሁ። ፕለጊን ደግሞ በዎርድፕረስ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። ለፍለጋ ከተሠሩት ውስጥ ኦል ኢን ዋን ኤስኢኦ በ2007፣ ዮስት በ2010፣ ራንክ ማዝ በ2018 ብቅ አሉ። ዮስትን የጀመረው ሆላንዳዊ ዮስት ደ ቫልክ ይባላል፤ የፕለጊኑ ስም የሰውየው የራሱ ስም ነው፣ የውጭ ሰው በትክክል እንዲጠራለት አጻጻፉን ቀይሮ ያወጣው። የስም አጻጻፍ ጣጣ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ዮስት ለየገጹ ቀይ፣ ብርቱካንማ ወይም አረንጓዴ ነጥብ ይሰጣል። ራንክ ማዝ ከ100 ያርማል። አራሚው ማን ነው? ፕለጊኑ ራሱ። ጉግል ያንን ነጥብ አያየውም፣ አይጠይቅምም፤ ነጥቡ የሚኖረው በዌብሳይታችሁ ጓዳ ውስጥ ብቻ ነው። በድሮው ቢሮ ማመልከቻ ስታስገቡ የመዝገብ ቤቱ ሰው ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቴምብር ተለጥፎበታል ብሎ ይቀበላችኋል፤ የጠየቃችሁት ነገር ይፈቀዳል ማለቱ ግን አይደለም። ፕለጊኑም እንዲሁ ነው። ርዕስ ተጽፏል? መግለጫው ተሞልቷል? ሥዕሉ መግለጫ ጽሑፍ አለው? ይህን ይቆጥራል። ጥሩ ሥራ ነው፤ አልንቀውም። ሰው የሚረሳውን ያስታውሳል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ወይዘሮዋ እንመለስ። መጀመሪያ የምናየው ፕለጊኑን አይደለም። በዎርድፕረስ ማስተካከያዎች ውስጥ ንባብን በሚመለከተው ክፍል፣ ከታች በኩል፣ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት ከተደረገባት የፍለጋ ሞተሮች ይህን ሳይት እንዳይመዘግቡ ትነግራቸዋለች። ሠሪዎች ቤቱ ሳያልቅ እንግዳ እንዳይገባ ብለው ምልክት ያደርጉባታል፤ ደግ አደረጉ። ሥራውን ሲያስረክቡ ግን ማንሣቱን ይረሱታል። ዮስት ይህን ሲያይ ያስጠነቅቃል፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ከ«አድሱኝ» እና «ፕሪሚየሙን ግዙ» መሐል ተቀብሮ ስለሚወጣ ማን ያነበዋል? የየገጹ ነጥብ ደግሞ በዚያው አረንጓዴ እንደሆነ ይቀመጣል። እንግዲህ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ በሩ የተቆለፈ ዌብሳይት ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጉግል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሳይት» ብላችሁ ጻፉ፣ ሁለት ነጥብ አድርጉ፣ ከዚያ ቦታ ሳትተዉ የዌብሳይታችሁን አድራሻ ቀጥሉ። ገጾቻችሁ ከተዘረዘሩ ጉግል ያውቃችኋል። ምንም ካልመጣ ሠሪውን ጥሩትና ስለ ሳጥኗ ጠይቁት።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ስንት የፍለጋ ፕለጊን ተጭኗል? መልሱ አንድ መሆን አለበት። «ዮስትም ጥሩ ነው፣ ራንክ ማዝም ጥሩ ነው» ብሎ ሁለቱን ያሠራ ሰው ለአንዱ ገጽ ሁለት መግለጫ፣ ሁለት የአድራሻ ምልክት፣ ሁለት የንግድ ቤት መረጃ ያወጣል፤ አንዳንዴም እርስ በርሱ የሚጋጭ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ለአንድ ትንሽ ማረፊያ ልዩነቱ ክርክር የሚያስነሣ አይደለም። ሠሪው የሚያውቀውን ይምረጥ። የገጾቹን ዝርዝር የሚያወጣው የሳይት ካርታ ለምሳሌ በፕለጊኖቹ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ዎርድፕረስ ራሱ ከ2020 ጀምሮ፣ ከእትም 5.5 ወዲህ፣ በነጻ ያወጣዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ወደ ቋንቋችን።

የዮስት የተነባቢነት ምርመራ የሚያውቃቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አለው። እንግሊዝኛ፣ ዓረብኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ቱርክኛ፣ ጃፓንኛ ሳይቀር ገብተውበታል። አማርኛ የለም። ሲዳሙ አፎም የለም። ስለዚህ ፕለጊኑ የአማርኛ ገጻችሁን አይቶ የሚሰጠው ምክር ቋንቋውን ከሚያውቅ የመጣ አይደለም። ይህ ምን ያህል እንደሚያሳስት እንየው። ቁልፍ ቃል በሚለው ቦታ «ቡሹሎ ማረፊያ» ብላችሁ ሞላችሁ እንበል። ፕለጊኑ እነዚያን ቃላት ልክ በዚያ መልካቸው ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ስንጽፍ «በቡሹሎ»፣ «ከቡሹሎ»፣ «ወደ ማረፊያችን»፣ «የማረፊያው ግቢ» እንላለን። ለአንባቢ ያው ነው፤ ለፕለጊኑ ግን በ ስትቀድም ሌላ ቃል፣ ው ስትከተል ሌላ ቃል ይሆንበታል። እናም «ቁልፍ ቃሉ በመጀመሪያው አንቀጽ የለም፣ ቁጥሩም አንሷል» ብሎ ቀይ ያበራል።

የእኛ ሠሪ ቀዩን ለማጥፋት ምን አደረገ መሰላችሁ? «ቡሹሎ ማረፊያ ምቹ ነው። ቡሹሎ ማረፊያ ንጹሕ ነው። ወደ ሐዋሳ ሲመጡ ቡሹሎ ማረፊያ ይረፉ» ብሎ ጻፈ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ አማርኛው ሞተ። ከዚያም በላይ ቃልን እንዲህ አለቦታው መደርደርን ጉግል በአይፈለጌ ይዘት ደንቡ ውስጥ በስም ጠቅሶ ከልክሎታል። ፕለጊኑን ደስ ለማሰኘት የሠራነው ሥራ የፍለጋ ሞተሩን ደንብ ሊያስጥሰን ይችላል ማለት ነው። የእኔ ምክር አጭር ነው፦ ገጹ በአማርኛ ከሆነ የተነባቢነቱን ምርመራ ከነጭራሹ አጥፉት፤ በማስተካከያው ውስጥ ማጥፊያ አለው። የቁልፍ ቃሉን ቆጠራ ደግሞ እንደ አስተያየት ውሰዱት። ከዚያ ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ ለአንድ ሰው አንብቡለት። ሰውየው ከሳቀ አስተካክሉት።

ሌላው የፊደላችን ጉዳይ ነው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ለጆሮ አንድ ናቸው። ፊደላችን በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ግን ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ቁጥር ነው የተሰጣቸው፤ ለኮምፒውተር ሀ እና ሐ፣ በ እና ነ የሚለያዩትን ያህል የተለያዩ ናቸው። ታዲያ ይቺ ከተማ «ሀዋሳ» ተብላም «ሐዋሳ» ተብላም ትጻፋለች፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ደግሞ ዛሬም «አዋሳ» ይሏታል። በላቲን ፊደል ሲሆን በኤች የሚጀምርም ያለ ኤችም፣ በአንድ ኤስም በሁለትም አለ። ቡሹሎም በአንድ ኤል ተጽፎ ይገኛል፣ በሁለት ኤልም ይገኛል። ወይዘሮዋ የትኛውን ይያዙ?

ለርዕስና ለንዑስ ርዕስ አንዱን መርጠው በዚያ ይጽኑ። የቀሩት አጻጻፎች ለራሳቸው በሚስማማ ቦታ አንድ ጊዜ ቢገቡ ይበቃል። ስለ አካባቢው በሚያወራው አንቀጽ «በቀድሞ አጠራሯ አዋሳ» ማለት ለአንባቢም ትርጉም አለው። አጭር የእንግሊዝኛ ገጽም ያስፈልጋቸዋል፤ አዲስ አበባ ያለው ሰውም ሆነ ከአሜሪካ ለእረፍት የሚመጣው ዘመድ ስልኩ ላይ በላቲን ፊደል መጻፍ ስለሚቀለው። በሁሉም አጻጻፍ አንድ አንድ ገጽ መክፈት ግን አይገባም፤ ጉግል እንዲህ የተባዙ ገጾችን አይወድም። ለመሞከር ከፈለጋችሁ የከተማዋን ስም በየአጻጻፉ በስልካችሁ ፈልጉና ውጤቶቹን አስተያዩ።

የገጽ አድራሻን በተመለከተ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ልንገራችሁ፤ ራሴ በጣም የምወደው ነው። ርዕሱን በአማርኛ ስትጽፉ ዎርድፕረስ ያንኑ ርዕስ ወስዶ የገጹ አድራሻ ያደርገዋል። ነገር ግን አንዷ የግእዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ስትቀመጥ የመቶኛ ምልክት፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለባቸው ዘጠኝ ምልክቶች ትሆናለች። ዎርድፕረስ ደግሞ ለዚህ የአድራሻ ክፍል 200 ምልክት ብቻ ነው የሚፈቅደው። ለዘጠኝ ስናካፍለው 22 ፊደል ይሆናል። «በቡሹሎ ሐይቅ ዳር ለቤተሰብ የሚሆን የእንግዳ ማረፊያ» የሚል ርዕስ መሐል ላይ ይቆረጣል። ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍም ያ ሁሉ የመቶኛ ምልክት ሊደረደር ይችላል፤ አያቴ ብታየው «ቫይረስ ነው» ብላ አትነካውም፣ እውነቷን ነው። ስለዚህ ርዕሱ በአማርኛ ይሁን፣ የአድራሻውን ክፍል ግን ገጹን ከማተማችሁ በፊት በላቲን ፊደል በሁለት ወይም በሦስት ቃል አሳጥሩት። ካተማችሁና ሰው ከተቀባበለው በኋላ ብትቀይሩት የድሮው ሊንክ ሊሰበር ይችላል፤ ያኔ ከድሮው ወደ አዲሱ የሚያሻግር መሥመር ማበጀት ግድ ይላል። ራንክ ማዝ ይህን ማሻገሪያ በነጻ ይሰጣል፣ ዮስት ያስከፍልበታል።

(አጭር ሙዚቃ)

የሥራ ሰዓት መሙያውን ሳላነሣ አላልፍም፤ ይህ ወጥመድ የተዘጋጀው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ይመስላል። ራንክ ማዝ በነጻው እትሙ፣ ዮስት በሚከፈልበት፣ የንግድ ቤታችሁን አድራሻ፣ ስልክና የሥራ ሰዓት የምትሞሉበት ቅጽ አላቸው። ፕለጊኑ ይህን የፍለጋ ሞተሮች በሚገባቸው መልክ ያወጣላችኋል። በጣም ጠቃሚ ነው። ወይዘሮዋ እንግዳ የሚቀበሉት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ሠሪው ቅጹ ላይ 12 እና 4 ብሎ ሞላ። ፕለጊኑ ሰዓት የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ስለሆነ ለዓለም የተነገረው ማረፊያው ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ክፍት ነው ተብሎ ነው። ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 275 ኪሎ ሜትር ነድቶ ረፋድ ላይ የደረሰ ሰው «ዝግ ነው» የሚል ያያል። ትክክለኛው አሞላል 06:00 እና 22:00 ነበር። መብራቱ እዚህ ላይም ምንም አይልም።

የማያስፈልገውን ደግሞ በአጭሩ። «የሜታ ቁልፍ ቃላት» የሚባል ሳጥን ካያችሁ ጊዜ አታጥፉበት፤ ጉግል በደረጃ አሰጣጡ እንደማይጠቀምበት በሴፕቴምበር 2009 ተናግሯል። ጥያቄና መልስ በልዩ ምልክት ካስገባችሁ በፍለጋ ውጤቱ ሥር ተዘርግቶ ይታያል የሚለው ምክርም አርጅቷል፤ በኦገስት 2023 ጉግል ያንን ለታወቁ የመንግሥትና የጤና ድረ ገጾች ገድቦታል። ዩቲዩብ ላይ ግን የቆየው ትምህርት እንዳለ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

ስለ ዋጋ እናውራ፤ የሚያመው እዚህ ላይ ነው። የዮስት ፕሪሚየም በየዓመቱ በዶላር የሚከፈል ነው። ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ60 በታች የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ቀናት ከ100 ብር አልፏል። በዚያ ላይ የውጭ ክፍያ መፈጸሚያ ካርድ ማን አለው? ስለዚህ ሰዉ በቴሌግራም የሚዞረውን የተሰበረ ቅጂ ይጭናል። አልፈርድባቸውም፤ ነገር ግን ምን እየጫኑ እንደሆነ ይወቁ። መቆለፊያውን የሰበረው ሰው በውስጡ ሌላ ነገር አስቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ የራሱን ሊንኮች፣ ወይም እሱ ብቻ የሚገባበትን የጓሮ በር። ደግሞም ከባለቤቱ ዕድሳት አያገኝም። ዕድሳት ቀልድ አይደለም፦ በማርች 2015 በዮስት ላይ የመረጃ ቋቱን ለጥቃት የሚያጋልጥ ክፍተት ተገኝቶ በአስቸኳይ በግድ ጭምር እንዲታደስ ተደርጓል፤ በ2020 ደግሞ በራንክ ማዝ ላይ የተመዘገበን ማንኛውንም ተጠቃሚ አስተዳዳሪ ማድረግ የሚያስችል ክፍተት ተገኝቶ ተደፍኗል። በሕጋዊ መንገድ የጫነ ሰው በአንድ ጠቅታ አደሰ። የተሰበረውን የጫነው ከነክፍተቱ ቀረ። ለትንሽ ማረፊያ የሁለቱም ነጻ እትም በቂ ነው፤ ይህን ያለ ማመንታት እላለሁ።

ታዲያ ወይዘሮዋ ገንዘብና ጊዜያቸውን ምን ላይ ያውሉት? ስልካቸው ላይ። ከዚህ በፊት በሰው በሰው አግኝቷቸው የደወለ እንግዳ ምን ብሎ ጠይቋቸዋል? ውኃ ሁልጊዜ አለ ወይ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አላችሁ? ከመናኸሪያ በባጃጅ ስንት ያስከፍላል? መኪና ግቢ ውስጥ ያድራል? የሐዋሳ ሐይቅ ቅርብ ስለሆነ የወባ ትንኝ እንዴት ነው፣ አጎበር አላችሁ? ጠዋት ዓሣ የሚበላበት አሞራ ገደል ምን ያህል ይርቃል? እነዚህ ጥያቄዎች ጉግል ላይም የሚጻፉት ናቸው። እያንዳንዱን ንዑስ ርዕስ አድርገው እውነተኛውን መልስ ቢጽፉበት ዮስት በወር ውስጥ ከሚያበራው መብራት ሁሉ ይበልጣል።

በዓላትም አሉ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ንግሥ ሐዋሳ በሰው ትጥለቀለቃለች። በዩኔስኮ በ2015 የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጫምባላላ፣ ሲደርስም እንዲሁ፤ ቀኑን ደግሞ አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች የከዋክብትን አካሄድ አይተው ስለሚወስኑት «ዘንድሮ መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል። ለፍቼ አንድ ገጽ ክፈቱ፤ በአድራሻው ውስጥ ዓመት አትጻፉ። ቀኑ ሲታወጅ ያንኑ ገጽ አድሱት። በየዓመቱ አዲስ ገጽ የሚከፍት ሰው ያለፈው ዓመት ገጹ ያገኘውን ሊንክና አመኔታ ጥሎ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ሥዕልም አለ። የሐይቁን ፎቶ ከስልክ እንደወረደ፣ ስድስት ሜጋባይት ሆኖ፣ የሚለጥፍ ሰው ወጪውን በእንግዳው የኢንተርኔት ጥቅል ላይ ነው የሚጭነው። አሳንሱት። በሥዕሉ መግለጫ ጽሑፍ ላይ «ምስል 1» ከማለት «ከበረንዳው የሚታየው ሐይቅ፣ ማለዳ» ብላችሁ ግለጹት፤ ማየት ለተሳነው ሰውም ያገለግላል።

ፕለጊኑ ጨርሶ የማይደርስበት ደግሞ ካርታው ነው። «በአቅራቢያዬ ያለ ማረፊያ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ቀድሞ የሚወጣው የጉግል ካርታ ላይ የተመዘገበ ቤት ነው። ምዝገባው ነጻ ነው፤ ቤቱ የእናንተ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ይጠይቃል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በማይታወቅበት ሰፈር ጉግል ያወጣው ፕላስ ኮድ አለ፤ ካርታው ላይ ጣታችሁን ቤታችሁ ላይ ተጭናችሁ ስትይዙ የሚወጣው አጭር ኮድ ነው። ዌብሳይቱ ላይ ለጥፉት፣ ለባጃጁ ሾፌርም ላኩለት። በካርታው ላይና በዌብሳይቱ ላይ ያለው ስምና ስልክ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዱ ዘንድ «ሐዋሳ» ሌላው ዘንድ «አዋሳ» አይሁን።

ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ መብራቱን ትታችሁ የምታዩት ነገር ሰርች ኮንሶል ይባላል። የጉግል ነው፣ ነጻ ነው። ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ ገጻችሁ እንደታየና ስንቶቹ እንደነኩት ይዘረዝራል። ጥቂት ሳምንታት ታገሡት፤ አዲስ ዌብሳይት ወዲያው አይታይም። ከዚያ ዝርዝሩን ክፈቱና በየትኛው አጻጻፍ እንደተፈለጋችሁ፣ ምን ጠይቀው እንደመጡ አንብቡ። «ቡሹሎ ጤና ጣቢያ» ብለው የፈለጉ ሰዎች ወደ ማረፊያችሁ ገጽ ከመጡ፣ ታማሚ ይዘው ለመጡ ቤተሰቦች ከጤና ጣቢያው በእግር ስንት ደቂቃ እንደምትርቁ የሚናገር አንቀጽ መጨመር ነው።

የሳምንት ሰው ይበለን፤ በሚቀጥለው ዝግጅታችን ካርታ ላይ መመዝገብን ከማረጋገጫው ጋር ደረጃ በደረጃ እናያለን። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ጠብቁን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)